መልስ፦ ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ ወተት ሲያንስ

አብሽሪ እህቴ። ልጅሽ በ32 ሳምንት ተወልዶ በቱቦ እየተመገበ፣ አንቺ ስታልቢ የሚወጣው ግማሽ ማንኪያ ብቻ መሆኑ እንዳስጨነቀሽ ጽፈሻል። እኔም ደሴ ውስጥ በስድስተኛው ቀን የሲኒውን ቂጥ ያልሸፈነ ወተት እያየሁ አልቅሻለሁ።

ጡት የሚያመርተው በወጣለት ልክ ነው። ልጁ ገና መጥባት ስለማይችል ሥራውን እጅሽ ይሥራለት፤ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ እለቢ። ሌሊቱን አትዝለይው፤ ወተት የሚያሠራው ሆርሞን ከፍ የሚለው ያኔ ነው። ከጠቆረው ክብ ወጣ አድርገሽ አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች ያዢ፤ ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ጫፉን መጎተት ያቆስላል እንጂ ወተት አያመጣም። ጠብታ እንኳን ቢሆን አትድፊው፤ ለነርሷ ስጫት።

ሐኪሞቹ ሲፈቅዱ ልጁን በዳይፐር ብቻ ደረትሽ ላይ፣ ከጋቢሽ ሥር እቀፊው። እኔ ለውጡን ያየሁት ልጄን እንዲያ ማቀፍ ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ አንገቴ ሥር ስትተነፍስ ጡቴ ራሱ ይንጠባጠብ ነበር።

አማትሽ ስለሚያፈሉልሽ አብሽ ጠይቀሻል። የጠቀማቸው እናቶች አሉ፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው፤ ስኳር ወይም አስም ካለብሽ ሐኪም ሳታማክሪ አትጠጪው። አጥሚቱን ግን እምቢ እንዳትያቸው!

ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልጨመረ ሐኪም ይይሽ፤ የታይሮይድ ችግር ወይም ማሕፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ወተት ይይዛል። ደም እየበዛብሽ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪያቸው።