የኮንዶሚኒየም የጋራ ጓሮ፦ ለጎረቤቶች ጥያቄ መልስ

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የጋራ ጓሮ አትክልት ለመጀመር ያሰባችሁ ጎረቤቶች ብዙ ጠይቃችኋል። ተራ በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከብሎኩ ጀርባ ባዶ ቦታ አለ። ዝም ብለን እንቆፍር?

መልስ፦ ኧረ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መገልገያው የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ ንብረት ነው። ለቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ስብሰባ አቅርቡት፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ነገ «ለመኪና ማቆሚያ ይሁን» የሚል መምጣቱ አይቀርም። ያኔ የሚያስጥላችሁ ወረቀቱ ነው።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ፤ መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ እንዴታ! ተከራይም እንደሚካተት ቃለ ጉባኤው ላይ አስጽፉ።

ጥያቄ፦ ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። በበጋ ምን ይዋጠን?

መልስ፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። በክረምት ሁሉም ገበሬ ነው፤ ጓሮ የሚፈተነው ከጥቅምት በኋላ ነው። የጣሪያ ውሃ አጠራቅሙ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ይሰጣል። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ እስከ 1,000 ሊትር ታገኛላችሁ። አቧራውን ያጠበውን የመጀመሪያውን ውሃ ግን ድፉት።

አንድ ሮቶ ብቻውን በጋውን አያሻግርም። ስለዚህ በበጋ ግማሹን መደብ ብቻ ዝሩ፣ ሥሩን ደረቅ ሣር አልብሱት፣ በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ አጠጡ። ምስርና ጎመን ያጠባችሁበትን ውሃም አትድፉ። የማጠጣት ተራው ደግሞ በስም ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። «ያየ ያጠጣል» ከተባለ ማንም አያጠጣም።

ጥያቄ፦ አፈሩ በሙሉ የሲሚንቶ ፍርስራሽ ነው።

መልስ፦ በማዳበሪያ ከረጢት ትከሉ። ላይና ታቹ የተቆረጠ ጣሳ ከረጢቱ መሀል አቁሙና ጠጠር ሙሉበት። ዙሪያውን አፈርና ብስባሽ ጨምሩ። ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ ሳብ አድርጉና ድገሙት። በመጨረሻ ከላይ እስከ ታች የጠጠር ዓምድ ይቆማል፤ ውሃው በእሱ በኩል እስከ ግርጌ ይደርሳል። ከረጢቱን ጎንና ጎኑን ቀደድ ቀደድ አድርጋችሁ ቆስጣና ጎመን ትከሉበት። አንድ ከረጢት ብዙ ያበላል።

ጥያቄ፦ ብስባሹ ይሸታል ብለው ጎረቤቶች ፈርተዋል።

መልስ፦ የሚሸተው ሲረጥብና አየር ሲያጣ ነው። ልጣጭ በጨመራችሁ ቁጥር ደረቅ ቅጠል አልብሱት፣ አገላብጡት። ሥጋ፣ ዘይትና የወጥ ትርፍ አይግባበት።

ጥያቄ፦ አቃቂ ወንዝ ቅርባችን ነው፤ ከዚያ ብናጠጣስ?

መልስ፦ በፍጹም! ወንዙ የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል። ቅጠላ ቅጠል በፍሳሹ ያሉትን ከባድ ብረቶች (መርዛማ ማዕድናት) በሥሩ ይስባል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ደግሞ ማጠብ አያስወጣውም። የምናበላው ለልጆቻችን ነው።

ጥያቄ፦ ጎመናችንን ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ወረረው።

መልስ፦ ቅጠሉን ገልብጡት፤ የሚደበቀው ከሥሩ ነው። በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ በጣም የተጎዳውን ቀንጥሱ።

ጥያቄ፦ ምርቱን እንዴት እንካፈል?

መልስ፦ ውሃው፣ ብስባሹና መሣሪያው የጋራ፣ መደቡ የየቤቱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት ግን አጥር ጥግ ይተከሉና ቡና ያፈላም ቅቤ ያነጠረም ሁሉ ይቁረጥ።