ቴራፒ ላይ ያለ ሰው መሻሻሉን በምን ይወቅ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ የሚያነሡት ቴራፒ ውስጥ ስለሚጻፍ «ግብ» ነው። መልእክቶቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ከተፋታሁ ወዲህ ከዘመድ ርቄያለሁ። አማካሪዬን ‹ሰላም ነው የምፈልገው› ስላት ‹ሰላም ስታገኚ ምን ታደርጊያለሽ?› እያለች ታደክመኛለች። አሁን ደግሞ በቁጥር እናስቀምጠው አለች።» (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብትሰለቺ አይፈረድብሽም፤ አማካሪሽ ግን ሥራዋን እየሠራች ነው። ከሦስት ወር በኋላ «ሰላም አገኘሽ ወይ?» ብትባዪ፣ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ከተጨቃጨቅሽ መልስሽ «ኧረ ምንም» ነው። ዘመድ ቤት መሄድና አለመሄድሽ ግን በዚያን ቀን ስሜትሽ አይለዋወጥም።

ኪረሱክና ሸርማን የተባሉ አሜሪካውያን በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ አለ። ለሁሉም ሰው አንድ መጠይቅ ከመስጠት ይልቅ ለእያንዳንዱ ግብ ከ-2 እስከ +2 የሚደርሱ አምስት ደረጃዎች ይጻፋሉ። ያንቺን በግምት ልሞክረው። -2 የዘመድ ስልክ እንኳ አለማንሣት። -1 ስልኩን አንሥቶ፣ «እመጣለሁ» ብሎ መቅረት፤ አሁን እዚህ ያለሽ ይመስለኛል። 0 በወር አንድ ጊዜ ዘመድ ቤት ሄዶ ቡና መጠጣት። +1 በወር ሁለት ሦስቴ መሄድ። +2 ራስሽ ቡና አፍልተሽ እነሱን መጥራት። («ለምን ተፋታሽ?» የምትል አክስት ከሌለችበት ቤት ብትጀምሪ ይሻላል።)

እዚህ ላይ 0 ያስደነግጣል። ፈተና ወድቆ እንደሚገኝ ዜሮ አትዪው፤ በተባለው ጊዜ እደርሳለሁ ብለሽ የተስማማሽበት ቦታ ነው። ደረጃዎቹ ደግሞ አስቀድመው መጻፍ አለባቸው። ከሆነ በኋላ የሚጻፍ ደረጃ የሆነውን ከማጽደቅ አያልፍም። ቃላቱም ያንቺ ይሁኑ፤ አማካሪሽ «ማኅበራዊ ተሳትፎን ማሳደግ» ብላ ከጻፈች አሰርዣት።

ጥያቄ፦ «ሠፈራችን ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ከተዛወርን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር 9 ጥያቄ ያለው ወረቀት እሞላለሁ፤ ነጥቤ ብዙም አልወረደም። እኔ ግን ከድሮ ዕድርተኞቼ ጋር መገናኘት ጀምሬያለሁ። የቱን ልመን?» (ከካዛንቺስ የተነሣ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወረቀቱ ፒኤችኪው-9 የሚባለው ይመስለኛል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ስሜት፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት የመሳሰለውን ይጠይቅና ከ0 እስከ 27 ነጥብ ይሰጣል። ለድባቴ ምልክቶች ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ስለ ዕድር፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጠፋ ደጃፍ ግን አንድም ጥያቄ የለውም። ያንተ ሕመም ግማሹ እዚያ ከሆነ ለውጡን ወረቀቱ አያየውም። ስለዚህ ከባለሙያህ ጋር ሁለት የራስህን ግብ ጻፉ፤ አንዱ ስለ ዕድሩ፣ አንዱ ስለ እንቅልፍህ። እንቅልፍህ እንዳልተመለሰ ነጥቡ እየነገረህ ነውና እሱንም ችላ አትበለው።

ወረቀቱን መሙላት አታቁም። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። መልስህ ከ0 ከፍ ካለ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ያኔውኑ ተናገር፤ አማኑኤል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አለው።

ጥያቄ፦ «የ16 ዓመት ልጄን ቴራፒ የወሰድኩት ትምህርቱን እንዲያጠና ነው። የጻፉት ግብ ግን ‹አባቴ ሲቆጣ ክፍሌን ዘግቼ አለመዋል› ይላል። የምከፍለው እኔ ነኝ እኮ!» (ከፒያሳ)

መልስ፦ እማማ፣ መክፈልዎ እውነት ነው፤ ሕክምናው ግን የልጁ ነው። እንግሊዝ አገር የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎቶች በሚሠሩበት ዘዴ ልጁ እስከ ሦስት ግብ ይመርጣል፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ራሱ ቁጥር ይሰጣል። 10 ግቡ ሙሉ በሙሉ ተሳካ ማለት ነው። ወላጅም የራሱን ግብ ለብቻው ማስመዝገብ ይችላል፤ የእርስዎን እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ደግሞስ ቤት ውስጥ ቁጣ እየተሰማ ማን ያጠናል? የልጅዎን ግብ ለባለቤትዎ ቢያሳዩአቸው ደስ ባለኝ፣ ልጁ ከፈቀደ ብቻ።

ጥያቄ፦ «ቴራፒስቴ በጣም ደግ ሰው ነው። እንዳይከፋው 4 የሚሰማኝን 7 እያልኩ እሰጣለሁ።» (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ይሉኝታ እዚያም ገባ! በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ላይ ቴራፒስቶች ከ550 ደንበኞቻቸው ማን እየባሰበት እንደሚሄድ እንዲገምቱ ተጠየቁ። የገመቱት 3 ሰው ነው፤ የባሰባቸው ግን 40 ነበሩ። ሠልጥነው የተቀመጡ ባለሙያዎች ፊት አይተው ካልለዩ፣ ያንተ ሰውዬ የውሸት 7 ይዞ ምን ሊያውቅ ነው? ቁጥሩን ከመግባትህ በፊት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ስትጠብቅ ሙላው። ከዚያ «እስካሁን አንተን ላለማስከፋት ከፍ አድርጌ ነበር» በለው። ያ ሴሽን ካለፉት ሁሉ የተሻለ ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄ፦ «ግብ መሀል ላይ መቀየር ይቻላል?» (ከለገሃር)

መልስ፦ ይቻላል። የድሮውን አትሰርዙት፤ የመጨረሻ ቁጥሩን ጽፋችሁ አዲሱን ግብ ከነቀኑ ከሥሩ ጀምሩ። በየሁለት ሳምንቱ የሚቀየር ከሆነ ግን የሚቀጥለው ሴሽን ስለ እሱ ይሁን።