ለአባቴ ልብ የተላከው ብልቃጥ

ጥያቄ፦ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ወር በፊት ሃርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ኤል-አርጂኒን እና ቶሪን የሚባሉ ሁለት ብልቃጦች ላከ። «አሚኖ አሲድ ነው፣ አንቲኦክሲዳንት ነው፣ ልብን ከጉዳት ይጠብቃል» ይላል። ልስጣቸው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ልጄ፣ አርጂኒኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፊበት።

የወንድምሽ ሐሳብ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የተዘጋ የልብ ደም ሥር ሲከፈት ኦክስጅን በድንገት ይመለስና ጡንቻውን የሚጎዱ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ አንቲኦክሲዳንት እነዚህን ያበርዳል ነው ተስፋው። ያ ጉዳት ግን በዋነኛነት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። አባትሽ ሁለት ወር አልፏቸዋል።

አርጂኒን ደም ሥርን የሚያላላ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። እኔም ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ለሰው ያሞገስኩበት ጊዜ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ከወንድምሽ ሰፈር ብዙም በማይርቀው ባልቲሞር፣ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ሃርት አታክ በያዛቸው 153 ሰዎች ላይ ፈተኑት። ገሚሱ በቀን ሦስት ጊዜ 3 ግራም አርጂኒን፣ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ። የልባቸው ደም የመግፋት አቅም ልዩነት አላሳየም። አርጂኒን ከወሰዱት 6 ሰዎች ሞቱ፣ ከሌሎቹ አንድም አልሞተም። አዲስ ሰው መቀበል ቆመ፤ ውጤቱም በ2006 እ.ኤ.አ. ታተመ። ስድስት ሰው በአጋጣሚም ይሆናል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ያንን አጋጣሚ በሰው አባት ላይ አልሞክርም።

ቶሪኑ ያን ያህል አያስፈራኝም። ልብ ጡንቻ ውስጥ በብዛት አለ። በ1987 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ላይ ልባቸው እየሰፋ የሚሞቱ ድመቶች ችግራቸው የቶሪን እጥረት ሆኖ ተገኘ፤ ሲጨመርላቸው ብዙዎቹ አገገሙ። ድመት ግን ቶሪንን በበቂ መጠን መሥራት አትችልም፤ ሰው ግን ሲስቲን ከሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ይሠራዋል። ሥጋና ዓሣ ውስጥ እንጂ እህል ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም አባትሽ ሁዳዴን በሽሮ ቢጾሙ ሰውነታቸው ያዘጋጅላቸዋል። የደም ግፊት ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የልብ ሐኪማቸው ሳያዩት አይጀምሩት።

የእኔ ትልቁ ፍርሃት ሌላ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ብልቃጥ ቤት ሲገባ ሽማግሌዎቻችን አስፕሪኑንና የኮሌስትሮሉን መድኃኒት «ይኼማ የእዚሁ ነው» ብለው ይተዉታል። ክኒኖቹን ማታ ማታ ቁጠሪላቸው።

ለወንድምሽ ደግሞ በሚቀጥለው ሻንጣ የደም ግፊት መለኪያ እንዲልክ ንገሪው፤ ክንድ ላይ የሚታሰረውን እንጂ የእጅ አንጓውን አይደለም።