ደፍራሳው የሱመርሴት ሳይደር ተበላሽቶ ነው?

ሰላም እህቴ። የባለቤትሽ ቤተሰቦች ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሱመርሴት ከሚገኝ እርሻ ያመጡትን ሳይደር፣ ያንን ከፖም ጭማቂ የሚሠራ የአልኮል መጠጥ፣ ቀምሰሽ መዋጥ እንዳቃተሽ ጽፈሻል። ደፍራሳ ነው፣ ጋዝ የለውም፣ አፍ ያደርቃል። እነሱ ደግሞ እያጣጣሙ ጠጡት። «ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?» ብለሻል። እንደ ገለጻሽ ከሆነ አልተበላሸም። አንቺም ምንም አላጠፋሽም፤ ጣዕሙ እንደዚያ ነው፣ አለመውደድም መብትሽ ነው።

የምኖረው ብሪስቶል ነው፣ ሱመርሴት ቅርባችን ነው። በመኸር ጊዜ ፖም ለቀማ አግዣለሁ፣ በየእርሻው ከበርሜል እየተቀዳ ቀምሻለሁ።

ዋናው ነገር ፖሙ ነው። ኪንግስተን ብላክ፣ ዳቢኔት፣ ያርሊንግተን ሚል የሚባሉት ዝርያዎች የሚተከሉት ለመጠጥ እንጂ ለመብላት አይደለም። ዳቢኔትን ብትገምጪው ድድሽን ጭምድድ ያደርገዋል። ታኒን ስላለው ነው፤ በወፍራም ሻይና በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ማለት ነው። አፍሽን ያደረቀው እሱ ነው።

አሠራሩም ይጨምርበታል። ፖሙ ይፈጫል፣ ይጨመቃል፣ ጭማቂው በርሜል ይገባል። በባህላዊው መንገድ እርሾ አይጨመርም። ከፖሙና ከመጭመቂያው ጋር የገባው የተፈጥሮ እርሾ ብርዱን ወራት ቀስ እያለ ስኳሩን በልቶ ይጨርሳል። ስለዚህ ጣፋጭነት አይተርፍም፤ አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 በመቶ ይሆናል። ስለማይጣራም ይደፈርሳል። ጉሽ ጠላ እያየ ላደገ ሰው ድፍርሱ ብዙም የሚያስደነግጥ አይደለም።

ሱፐርማርኬት ያለው ሌላ ነገር ነው። በብሪታንያ ሕግ ሳይደር ለመባል 35 በመቶ የፖም ጭማቂ ይበቃል። ስኳርና ጋዝ ሲገባበት ለስላሳ መጠጥ ይመስላል። ያንን የለመደ ሰው የእርሻውን ሲቀምስ ቢደነግጥ አይገርመኝም።

የተበላሸውን በአፍንጫሽ ትለዪዋለሽ። አየር የገባበት በርሜል አቸቶ አቸቶ ይሸታል፣ ጉሮሮም ይከረክራል። ሌላም አለ፦ ሲጠጣ ደህና ሆኖ፣ ከዋጥሽው ጥቂት ሰከንድ በኋላ የአይጥ ጎጆ የመሰለ ጣዕም አፍ ውስጥ ይቀራል። ይሄኛው ለአንዳንድ ሰው ጨርሶ አይታወቀውም። ሁለቱም ጉድለቶች ናቸው፤ «ባህላዊ ስለሆነ ነው» ቢሉሽ አትቀበዪ።

እንደገና መሞከር ከፈለግሽ መካከለኛውን ጠይቂ። እርሻዎቹ ደረቅ (ማለትም ጣፋጭነት የሌለው)፣ መካከለኛና ጣፋጭ ብለው ይሸጣሉ። ጣፋጩ ብዙ ጊዜ ያው ደረቁ ነው፣ ማጣፈጫ ተጨምሮበት። ፆም ካልሆነ ከቼዳር አይብ ጋር ሞክሪው። የቼዳር መንደር ራሷ ያለችው ሱመርሴት ውስጥ ነው፣ የአይቡ ቅባትም ድርቀቱን ያለዝበዋል። እኔ በጣም የምመክርሽ ግን የፈረንሳዩን ጣፋጭ ሳይደር ነው፣ የኖርማንዲ ወይም የብሪታኒውን። እዚያ ስኳሩ ሳያልቅ መፍላቱን ስለሚገቱት አልኮሉ ከ3 በመቶ አይበልጥም። የስፔኑን የአስቱሪያስ ሳይደር፣ ያንን ከራስ በላይ ከፍ አድርገው የሚቀዱትን፣ ለጊዜው ተዪው። ዩኔስኮ በ2024 እ.ኤ.አ. ባህሉን መዝግቦታል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ይኮመጥጣል።

ለቤተሰቦቹ «ለእኔ በጣም ደረቅ ነው» በያቸው። እዚህ አገር ይህን ማለት ነውር የለውም፤ እርሻው ላይ ስትይው እንዲያውም ሌላ ይቀዱልሻል። ለይሉኝታ ብለሽ ሙሉ ፓይንት (ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ብርጭቆ) እንዳትጨርሺ። ጋዝ ስለሌለው እንደ ጭማቂ ይወርዳል፣ ጥንካሬው የሚታወቅሽ ስትነሺ ነው። መኪና የምትነጂ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ይቅርብሽ።