ሰርተፍኬቱ በዛ፣ ሥራዬን የሚያይልኝ ግን የለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ንግግር ሕክምና፣ ስለ መስማት ምርመራና ስለ መዋጥ ችግር ናቸው። ሦስቱን የላኩት ባለሙያዎች፣ አንዱን ደግሞ እናት ናት። እንደ ጉዳዩ ክብደት አንዳንዱን ረዘም፣ አንዳንዱን አጠር አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በንግግርና ቋንቋ ሕክምና ተመርቄ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። በዚህ ሙያ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ተሳስተሻል የሚለኝ ሰው የለም። ኦንላይን ብዙ ኮርስ ወስጃለሁ፣ ሰርተፍኬቱ ፋይል ሞልቷል። ሕፃኑ ፊት ስቀመጥ ግን ያው ነኝ። አሁን ገንዘብ አጠራቅሜ በዶላር የሚከፈልበት ትልቅ ሥልጠና ልገባ አስቤያለሁ። ለፈቃድ እድሳትም ነጥብ ያስፈልገኛል። የቱን ቢመርጡልኝ ይሻላል?
(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ያዢው። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ «ተሳስተሻል የሚለኝ ሰው የለም» ያልሽው ነው። የሚቀጥለው ኮርስም ይህንን አይሞላልሽም።

ቪዲዮ አይተሽ ብዙ ነገር ታውቂያለሽ፣ እሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ልጁ ቃሉን ሲያበላሽ ስንት ሰከንድ እንደጠበቅሽ፣ ራሱን እንዲያርም ዕድል እንደሰጠሽው ወይም ቶሎ ብለሽ እንደገባሽበት፣ እናቱን አሳይተሻት እንደሆነ ወይም ዝም ብለሽ እንደነገርሻት፣ ይህን ሊነግርሽ የሚችለው ስትሠሪ ያየሽ ሰው ብቻ ነው። ሙያው የሚያድገው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከቤተሰቡ በጽሑፍ ፈቃድ ተቀበይና አንድ ክፍለ ጊዜ በስልክሽ ቅረጪ። ሙሉውን ማየት የለብሽም። መሃል ላይ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ወረቀት ያዢና ቁጠሪ። ልጁ ስንት ጊዜ የመናገር ዕድል አገኘ? ስንቱን በትክክል አለው? አንቺስ ስንት ጊዜ ተናገርሽ? ቁጥሩ ፊትሽ ሲቀመጥ ቀጥሎ ምን መማር እንዳለብሽ ራሱ ይነግርሻል።

ከዚያ አብረውሽ ከተመረቁት ሁለት ሦስት ሰው ፈልጊ። በወር አንድ ቀን ተገናኙ። እያንዳንዱ አንድ ቅጂ ይዞ ይምጣ። ከአንዱ ቅጂ ልጁ ያለውን ድምፅ ሁለት ሰው ለየብቻው ይጻፍና ታነጻጽሩታላችሁ። የሚንተባተብ ልጅ ከሆነ ከተናገራቸው ክፍለ ቃላት ስንቱ ላይ እንደተንተባተበ ከመቶ አስሉት፣ እናንተም ትስማሙ እንደሆነ እዩ። የማትስማሙበት ቦታ ነው ዋናው ትምህርት። ካፌ ውስጥ ግን አይሁን፣ በስልክ የያዛችሁት የሰው ልጅ ቪዲዮ ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይም ፈጽሞ አይለጠፍ።

ወደ ኮርሱ እንምጣ። መለኪያሽ አንድ ይሁን፦ ባለፉት ወራት በርሽን ያንኳኩት እነማን ናቸው? መዝገብሽን ግለጪ። ኤልኤስቪቲ ላውድ የሚባለው ሥልጠና ጠንካራ ነው፣ ግን በዋናነት የፓርኪንሰን ሕመም ላለባቸው ሰዎች ድምፅ ነው የተሠራው፣ ታካሚውም በሳምንት 4 ቀን ለ4 ሳምንት መምጣት አለበት። አንቺ ጋ የሚመጡት ንግግር የዘገየባቸው ሕፃናት ከሆኑ ያ ሁሉ ዶላር ምን ያደርግልሻል? የሚንተባተቡ ትንንሽ ልጆች ከበዙብሽ ደግሞ ከአውስትራሊያ የመጣው ሊድኮምብ የሚባለው ዘዴ ይሻልሻል። እሱ ላይ በየቀኑ የሚሠራው ወላጁ ነው፣ አንቺ በሳምንት አንዴ እያየሽ ታስተካክያለሽ። ታክሲ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀይሮ ለሚመጣ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጠንከር አድርጌ ልንገርሽ። ላንቃው ተሰንጥቆ ለተወለደ ልጅ ፊኛ ማስነፋት፣ በስትሮ አየር ማስወጣት፣ ሻማ ማስጠፋት የሚያስተምሩ አጫጭር ሥልጠናዎች አሁንም አሉ። መንፋት ንግግርን አያስተካክልም። ሲነፋና ሲናገር ላንቃው የሚንቀሳቀሰው በተለያየ መንገድ ነው፣ ልጁም ሲነፋ የሚሻሻለው መንፋቱ ብቻ ነው። ጊዜውን በድምፅና በቃል ላይ አውዪው። ሥልጠና ላይ ይህን ዓይነት ነገር ስትሰሚ እጅሽን አውጪና «ማስረጃው የት አለ?» ብለሽ ጠይቂ።

የላንቃ ጉዳይ ካነሳን አይቀር፣ ለአንቺ ቅርብ ስለሆነ ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሆስፒታል ሄደሽ ለመታዘብ ፈቃድ ጠይቂ። ቀዶ ሐኪምና የንግግር ባለሙያ አንድን ልጅ አብረው ሲያዩ ማየት ከብዙ ሰዓት ዌቢናር ይበልጣል። የእኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። እንደ ጠ፣ ቀ፣ ጨ ያሉ ጠንከር ብለው የሚወጡ ድምፆች አፍ ውስጥ ግፊት ይፈልጋሉ። አየሩ በአፍንጫ ካመለጠ ልጁ ድምፁን ወደ ጉሮሮው ያወርደዋል። ከውጭ የሚመጣው የእንግሊዝኛ መፈተኛ ላይ እነዚህ ድምፆች የሉም። ስለዚህ ከጓደኞችሽ ጋር አንድ ድምፅ የሚደጋገምባቸውን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጁ፣ «ጫጩቷ ጮኸች» እንደሚባለው ዓይነት። ሁላችሁም በአንድ ዝርዝር ብትሠሩ የአንዷን ውጤት ሌላዋ ታነበዋለች። ይህም ራሱ የሙያ ማጎልበቻ ነው፣ ምንም እንኳ ሰርተፍኬት ባይሰጥበት።

ስለ ነጥቡ፦ የውጭ ኮርስ ላይ «አሻ» (የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር) የሚል ማኅተም ስላለ ብቻ እዚህ ይቆጠራል ብለሽ አትክፈይ። የአሜሪካው ማኅበር በየ3 ዓመቱ 30 ሰዓት የሚጠይቀው የራሱን ሰርተፍኬት ከያዙት ነው። እዚህ ለፈቃድ እድሳት የሚያገለግልሽ እውቅና ካለው የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ሰጪ የተገኘ ነጥብ ነው። ከመክፈልሽ በፊት ፈቃድሽን የሚያድሰው መሥሪያ ቤት ሄደሽ የኮርሱን ስም አሳዪያቸው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። አንድ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክሊኒክ ውስጥ የመስማት ምርመራ እሠራለሁ። ማሽኑን ያሳየኝ ያመጣው ድርጅት ሰው ነው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ። ታካሚዎች ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ሕክምና ባለሙያ) ይሉኛል። በትክክል ኦዲዮሎጂስት ለመሆን ምን ይቀረኛል?
(ከልደታ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በግልጽ ልንገርህ። ኦዲዮሎጂስት በዲግሪ የሚገኝ ሙያ ነው። ሰዎች እንደዚያ ሲሉህ አርማቸው፣ «ምርመራውን የምሠራው ነርስ ነኝ» በል። እንዲህ ማለት ክብርህን አይቀንስም። የምትሠራው ሥራ ብዙ ሰው የሚጠቅም ነው፣ በደንብ ከሠራኸው።

በደንብ መሥራት ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ እንነጋገር። አንድ ነገር ብቻ እንድትማር ቢፈቀድልህ ማስኪንግ የሚባለውን እመርጥልሃለሁ። ቀኝ ጆሮው ፈጽሞ የማይሰማ ሰው መጣ እንበል። ግራው ደህና ነው። ድምፁን ወደ ቀኝ ከፍ አድርገህ ስትልክ፣ በተለመደው የጆሮ ማዳመጫ ከ40 ዴሲቤል ጀምሮ በራስ ቅል አጥንት በኩል ወደ ግራው ሊሻገር ይችላል። ሰውዬው ይሰማና ቁልፉን ይጫናል። አንተ ቀኙ መካከለኛ ችግር አለበት ብለህ ትጽፋለህ። ቤተሰቡ ተበድሮ የመስሚያ መሣሪያ ይገዛል፣ ለማይሰማ ጆሮ። ይህ እንዳይሆን ደህናው ጆሮ ውስጥ በመጠኑ «ሹሽ» የሚል ድምፅ እየላክህ ሥራ ታስይዘዋለህ። መቼ፣ ምን ያህል የሚለው ሕግ አለው። ሕጉን ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጠህ፣ በእውነተኛ ታካሚ ላይ ተማረው።

ሁለተኛው ማሽኑ ነው። ጠዋት ሥራ ሳትጀምር የራስህን ጆሮ መርምር። ውጤትህን ታውቀዋለህ። ከወትሮው ከ10 ዴሲቤል በላይ ከተለየ ወይ ገመዱ ተበላሽቷል ወይ ማሽኑ ለቋል፣ ያን ቀን አትሥራበት። ይህ ግን በዓመት አንዴ የሚደረገውን ካሊብሬሽን (የማሽኑን ልኬት ማስተካከል) አይተካም። አለቃህን ወጥረህ ጠይቅ።

የከተማው ድምፅም አለ። መንገድ ዳር ያለ ክሊኒክ ውስጥ፣ በተለይ የኮሪደር ልማቱ ሥራ ሲካሄድ ወይም መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳ፣ በ250ና በ500 ኸርዝ፣ ማለትም በወፍራሞቹ ድምፆች፣ ያለው ውጤት ይበላሻል፣ ደህና የሚሰማው ሰው ሁሉ ትንሽ ችግር ያለበት ይመስላል። ታካሚዎችህ በሙሉ በታችኛው ድምፅ ላይ ተመሳሳይ ውጤት ካመጡ ክፍልህን ጠርጥር። ጀነሬተሩ እስኪጠፋ መጠበቅ ካለብህ ጠብቅ።

ለመማር ከፈለግህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የጆሮና የመስማት እንክብካቤ ማሠልጠኛ መጽሐፍ አለ። በነፃ ነው፣ የተጻፈውም እንደ አንተ ላሉ ባለሙያዎች ነው። ዲግሪውን ካሰብክ ሕንድ ማይሱሩ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ብሔራዊ የንግግርና የመስማት ተቋም ንግግርንና መስማትን አንድ ላይ በባችለር ያስተምራል፣ ከልምምዱ ጋር 4 ዓመት ይፈጃል። ደቡብ አፍሪካም የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። ከመሄድህ በፊት ግን ስትመለስ ዲግሪው እዚህ እንዴት እንደሚመዘገብልህ አጣራ፣ ይህን ሳያጣሩ ሄዶ መመለስ ልብ ይሰብራል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አያወራም። የንግግር ሕክምና እንሰጣለን የሚሉ ብዙ ናቸው። ማንን ልመን? ደግሞ ባለሙያው በሥልጠና ምክንያት ቀጠሮ ይሰርዝብኛል።
(እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞዎት። ከሁሉ በፊት ልጁ በመሣሪያ የመስማት ምርመራ ይደረግለት። «በር ሲንኳኳ ዞር ይላል» ማለት በቂ አይደለም። ወፍራሙን ድምፅ እየሰማ እንደ ስና ፍ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች የማይሰማ ልጅ አለ፣ ንግግሩ የሚዘገየውም በዚያ ነው። በሌላው ዓለም የሚመከረው ሕፃን በ1 ወሩ እንዲፈተሽ፣ በ3 ወሩ ችግሩ እንዲታወቅ፣ በ6 ወሩ እርዳታ እንዲጀምር ነው። የእርስዎ ልጅ ያንን ዕድል ካላገኘ ዛሬ ይሂድ። የመስማት ምርመራ ሳይጠይቅ ሕክምና የሚጀምርልዎትን ሰው አይቀበሉ።

ባለሙያውን ደግሞ በድፍረት ይጠይቁት። ዲግሪህ ምንድን ነው? የሙያ ፈቃድህ የታለ? ሥራህን ከአንተ ሌላ የሚያየው ማነው? ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ማየት እችላለሁ? በር ዘግቶ እናትን ውጭ የሚያስቀምጥ፣ «በሁለት ወር አስወራዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ለሥልጠና ብሎ ቀጠሮ የሚሰርዝ ከሆነ ግን አስቀድሞ ይንገርዎት፣ ሲመለስም የተማረው ለልጅዎ ምን እንደሚለውጥ ያስረዳዎት። በቂ ምክንያት ያለው ሰው መልስ አያጣም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። በስትሮክ የተኙ ሰዎች ያሉበት ክፍል ነርስ ነኝ። መዋጥ ለሚቸግረው ሰው «ወፈር ያለ ፈሳሽ ይሰጠው» ተብሎ ይጻፋል። ቤተሰብ አጥሚት ያመጣል። የአንዱ ውሃ ነው፣ የሌላው ገንፎ ሊሆን ምንም አልቀረው። በምን ልለካው?
(ከጥቁር አንበሳ አካባቢ)

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽ አመሰግንሻለሁ። መለኪያው ኪስሽ ውስጥ ያለው 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው። ኢድሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ምግብና መጠጥን ከ0 እስከ 7 ይከፍላል፣ ሙሉ መመሪያው በነፃ ይገኛል።

መርፌውንና መግፊያውን አውጪ። ጫፉን በጣትሽ ይዘሽ እስከ 10 ሙዪው፣ ልቀቂና 10 ሰከንድ ቁጠሪ፣ መልሰሽ ድፈኚው። የቀረው ከ1 በታች ከሆነ ደረጃ 0 ነው፣ ማለትም እንደ ውሃ። ከ1 እስከ 4 ከቀረ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከቀረ ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ቀርቶ ትንሽ ከፈሰሰ ደረጃ 3 ነው። ጭራሽ ካልፈሰሰ ደረጃ 4። ሲሪንጆች ይለያያሉና ከ0 እስከ 10 ያለው መስመር 61.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን በማስመሪያ እይ።

አጥሚት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ስለዚህ በሚጠጣበት ሙቀት ለኪው። ለማን የትኛው ደረጃ ይሰጥ የሚለው ግን መዋጡን የመረመረ ባለሙያ ውሳኔ ነው። «አላሳለውም» ብለሽ አትመኚ፣ ሳያስል ወደ ሳንባው የሚገባበት ሰው አለና። ሐኪሙ «ወፈር ያለ» ብሎ ከጻፈ «ደረጃ ስንት?» ብለሽ መልሰሽ ጠይቂው። ቁጥሩን ከአልጋው ራስጌ ላይ በትልቁ ጻፊው፣ የሌሊት ተረኛዋም አጥሚት ይዛ የመጣችው እህቱም እንዲያዩት።