ከእንጦጦ ጀርባ በሳይክል ለምትወጡ ልጆች

ሳይክል የምትነዱ ልጆች ስታገኙኝ ሁሌ የምትጠይቁኝ ስለ ዕቃ ነው። ለጠጠር መንገድ የተሠራው ግራቭል ሳይክል ይሻላል ወይስ ማውንቴን? ማርሹ ስንት ይሁን? ፍሬኑ የዘይት ነው የሽቦ? ደህና ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን የመንገድ መሐንዲስ ነበርኩ። ጠጠር መንገድ ሲሠራም ሲፈርስም እያየሁ ነው የኖርኩት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ በኮሮኮንቹ ላይ በሳይክል እመላለሳለሁ። ስለ ሳይክሉ ሌላ ሰው ይምከራችሁ፤ እኔ ስለ መሬቱ ላውራችሁ።

የሳይክሉን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው። ጎማው ሰፋ ይበል፤ 40 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ። የፊቱ ትንሹ ማርሽ የጥርስ ቁጥር ከኋላው ትልቁ አይብለጥ፤ ያለዚያ የእንጦጦን ዳገት እየገፋችሁ ነው የምትጨርሱት። የጎማውን አየር ቀነስ አድርጉ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ40 ሚሊሜትር ጎማ ከ2 እስከ 2.5 ባር ይበቃዋል። ጎሚስታ ጋ ከሄዳችሁ ልጁ በቅንነት ጥጥር አድርጎ ነው የሚሞላላችሁ። የጠጠረ ጎማ ኮረት ላይ ይነጥራል፤ መሬት አይዝም። አሮጌ ማውንቴን ባይክ ያለው ልጅ እነዚህን ካሟላ አዲስ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ሻጮቹ በዚህ ይቀየሙኝ ይሆናል።

አሁን ወደ መንገዱ። ጠጠር መንገድ የሚሠራው ውሃን ለማባረር ነው። መሐሉ ከፍ፣ ጠርዙ ዝቅ ይደረጋል። አስፋልት ላይ ይህ ተዳፋት 2.5 በመቶ ያህል ቢሆን ይበቃል። ጠጠር ላይ ግን ከ4 እስከ 6 በመቶ ይደረጋል፤ ውሃው ቶሎ ወደ ቦዩ ካልወረደ ጠጠሩን ይዞት ይሄዳላ። እንግዲህ ጠርዝ ይዛችሁ ስትነዱ ሳይክሉ ወደ ቦዩ የሚጎትታችሁ ለዚህ ነው። የመኪና ጎማ የደጋገመው መስመር የተጠቀጠቀ ነው፤ እሱን ያዙ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ልቅ ኮረት ይጠራቀማል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ መሪውን ጨምድዳችሁ አትያዙ፤ ፍሬንም አትንኩ። ኩርባ ላይ ደግሞ መኪኖቹ ልቁን ድንጋይ ወደ ውጪኛው ጠርዝ ይወረውሩታል። ፈጥናችሁ ገብታችሁ ከመስመር ከወጣችሁ የሚቀበላችሁ እሱ ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ቦዩን እዩ። ብዙ ጋላቢ ከጎማው ፊት ሁለት ሜትር ላይ አፍጥጦ ነው የሚሄደው። በዳገቱ በኩል ያለው ቦይ በአፈርና በባሕር ዛፍ ቅጠል ከተደፈነ፣ ክረምት ላይ ውሃው መሄጃ ያጣል። ያኔ መንገዱን አቋርጦ ይወርዳል። የሚያቋርጠው ደግሞ ዝቅ ባለው ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከኩርባው ቀጥሎ፣ ቱቦ ከተቀበረበት አጠገብ። እዚያ ጋ መንገዱ በአግድም ተሰንጥቆ ታገኙታላችሁ። መኪና ነቅነቅ ብሎ ያልፈዋል። የሳይክል የፊት ጎማ ግን ዘው ብሎ ይገባል፤ እናንተም በመሪው ላይ ትወረወራላችሁ። ስለዚህ የተደፈነ ቦይ ስታዩ ስንጥቁ ገና ሳይታያችሁ ፍጥነት ቀንሱ። የቱቦው አፍ ግንብ ፈርሶ ከሆነም እንደዚያው።

ሌላው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸነተረው መንገድ ነው። ሰው ሁሉ ግሬደር ነጂውን ይረግማል። ምስኪን፣ እሱ የለበትም። ደረቅ ልቅ ጠጠር ላይ መኪና ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ጎማው ትንሽ ይነጥራል፤ ሲያርፍ ጠጠሩን ይገፋል። ቀጣዩ መኪና እዚያው ላይ ይነጥራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሽንትሩ ይጠልቃል። ሽንትሩ የሚበዛው መኪና ዳገት ላይ ነዳጅ በሚረግጥበትና ከኩርባ በፊት ፍሬን በሚይዝበት ቦታ ነው። የት እንደሚጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ማወቅ ትችላላችሁ ማለት ነው። እዚያ ስትደርሱ ከኮርቻው ትንሽ ተነሡ፤ ክርናችሁን አላሉ፤ ትንሽ ከበድ ባለ ማርሽ ግፉ። ፍሬኑን ከሽንትሩ በፊት ጨርሱት። ነጥሮ አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬን ቢይዙት ምን ዋጋ አለው?

ከእንጦጦ ጫፍ ወደ ሱሉልታ ስትወርዱ አፈሩ ይለወጣል። ላይ ቀይ አፈርና ድንጋይ፤ ሜዳው ላይ ጥቁር መረሬ። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ያብጣል። በዚህ አፈር ያልተማረረ የመንገድ መሐንዲስ የለም፤ ብዙ ጊዜ ቆፍረን አውጥተን በሰሌክት፣ ማለትም ተመርጦ በሚመጣ ጠንካራ አፈር፣ ነበር የምንተካው። ዝናብ ሲነካው ጎማው ላይ እየተለጠፈ በጎማውና በፍሬሙ መካከል ይሞላል። ያኔ ሳይክሉ አይነዳም፣ አይገፋምም፤ ትሸከሙታላችሁ። ሣር ካገኛችሁ ሣሩን ያዙ። ወንዝ ልትሻገሩ ስትሉም ሰማዩ ከራሳችሁ በላይ ጠራ ብላችሁ አትመኑ። ወደ ላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ከሆነ ደራሽ ይመጣል። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ ቁሙ።

ስለ ከፍታው ትንሽ ልበል። መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉን 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይለምደዋል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የምትመጡ ግን በመጣችሁ ማግስት ከሽሮሜዳ ሽቅብ አትነሡ። መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ጥቂት ቀን ተንቀሳቀሱ። ከዚያም ስትወጡ ማውራት የምትችሉበትን ፍጥነት ያዙ። እዚያ ጧት ጧት የሚሠሩትን ሯጮች ተመልከቱ፤ ቀላል ሩጫ በተባለ ቀን እንዴት ዝግ ብለው እንደሚሮጡ ታያላችሁ። የእኛ ሳይክለኛ ግን በየቀኑ ውድድር ነው።

በመንገዱ ላይ ብቻችሁን አይደላችሁም። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክሙ መንገዱን ሊዘጋ ምንም አይቀረው፤ ጎንበስ ስላሉ ዞር ብለው ማየትም ይቸግራቸዋል። ከኋላቸው ደወል ስትደውሉ ይደነግጣሉ፤ እዚያ ቁልቁለት ላይ መደንገጥ ደግሞ መውደቅ ነው። ከሩቅ "እናቴ፣ በግራ ላልፍ ነው" በሉና በዝግታ እለፉ። መንገዱ ከጠበበ ውረዱና አሳልፏቸው። ስትራቫ በሚባለው ሰዓትና ርቀት መመዝገቢያ የስልክ መተግበሪያ ላይ ሪከርድ መስበር ያማረው ሌላ ቦታ ይፈልግ። አህያም እንዲሁ ነው፤ እንደውም አህያ የት እንደምትዞር አይታወቅም። በሱሉልታ በኩል ገጠር ስትገቡ "አካም ጅርቱ" ማለት አይክበዳችሁ። መንገድ ቢጠፋችሁ፣ ጎማ ቢተነፍስባችሁ የሚደርስላችሁ ያ ሰላም ያላችሁት ሰው ነው። ውሻ ከመጣ አትሽሹ። ወርዳችሁ ሳይክሉን በመሃል አድርጉ፤ ባለቤቱን ጥሩ። ካልሰማ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፤ የአገራችን ውሻ ይህን ያውቃል።

ቁልቁለቱ ላይ ቀልድ የለም። ዳገት ያደክማል፤ ሰው የሚሰበረው ግን ሲወርድ ነው። የኬንያው ፕሮፌሽናል ጋላቢ ሱሌ ካንጋንጊ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ቨርሞንት ውስጥ በግራቭል ውድድር ላይ ወድቆ ነው ሕይወቱ ያለፈው። የቡድኑ አምበል ነበር፤ ልምድ አላነሰውም። ሄልሜት ያለክርክር ይደረጋል። ፍጥነቱን ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ጨርሳችሁ ቀንሱና ወደ ኩርባው ግቡ። ልቅ ጠጠር ላይ ተዘንብላችሁ የፊት ፍሬን ብትይዙ ጎማው ይከዳችኋል። ሲኖትራክ ከፊታችሁ ካለ አትከተሉት። አቧራው ጉድጓዱን ይሸፍንባችኋል፤ ከጭነቱም ድንጋይ ይወድቃል። ቆም በሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ይሂድ። ጫካው ውስጥ ጥላ ያለበት ቦታ ፀሐይ ወጥቶም እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ በላዩ የባሕር ዛፍ ቅጠል ካለበት ያንሸራትታል።

ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ሆናችሁ ውጡ፤ የምትሄዱበትን መንገድ ለቤተሰብ ተናገሩ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ተመለሱ። ሲመሽ ጫካው የጅብ ነው።

መቼ ልጀምር ለምትሉ፣ ከመስቀል በኋላ ነው። ጭቃው ይጠነክራል፤ አቧራው ገና አልበዛም፤ ክረምቱ መንገዱን የት የት እንደቆረጠውም በግልጽ ይታያል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሱሉልታ ሜዳ ጧት ውርጭ ስላለው ጓንት ያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ሜዳውን ተዉት። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ የሳይክል መንገድ አለ፤ ኩርባና ፍሬን እዚያ ተለማመዱ። እሱንም ከምሳ በፊት ጨርሱ፤ የክረምት በረዶ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት ነው።