ስለ ዴቪድ ጉልፒሊል ለጠየቃችሁኝ

ስለ አውስትራሊያዊው ተዋናይ ስለ ዴቪድ ጉልፒሊል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ጎረፈ። ፊልሞቹን ደጋግሜ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ስለ ሕይወቱ የተጻፈውንም ሳሳድድ ኖሬአለሁ። እንደ አቅሜ ልመልስ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ማነው? ስሙን ገና ዛሬ ነው የሰማሁት።

መልስ፦ ፊቱን ግን ሳታየው አትቀርም። «ክሮኮዳይል ዳንዲ»ን (1986) አይተህ ከሆነ፣ ሌሊት ጫካ ውስጥ ድንገት ብቅ የሚለው፣ ወደ ጭፈራ እየሄደ ያለው ሰው እሱ ነው። የተወለደው በ1953 አካባቢ፣ በሰሜን አውስትራሊያ አርንሄም ላንድ በሚባለው አገር ነው። ዓመቱም ቢሆን የሚሲዮናውያን ግምት ነው። ሕዝቡ ዮልንጉ ይባላሉ፣ አቦርጂኖች ከሚባሉት የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ያደገው በአባቶቹ ወግ ነው፦ ማደን፣ ዱካ ማንበብ፣ መጨፈር። የሞተው ኅዳር 2021 መጨረሻ ላይ በሳንባ ካንሰር ነው።

ጥያቄ፦ ትወና የት ተማረ? ትምህርት ቤት ገብቶ ነው?

መልስ፦ የትወና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። በ1969 ኒኮላስ ሮግ የሚባል እንግሊዛዊ ዳይሬክተር ለፊልሙ የሚሆን ልጅ ፍለጋ ማኒንግሪዳ የምትባል መንደር ደረሰ። ጉልፒሊል ያኔ 16 ዓመት ገደማ ነበር። እንግሊዝኛው ጥቂት ነበር፣ በጭፈራው ግን አንቱ የተባለ ነበር። ፊልሙ «ዎክአባውት» ሲሆን በ1971 ወጣ።

ብዙ ሰው «ፊልም አገኘው» ብሎ ያወራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጁ ሰው ፊት መቆምን፣ በሰውነቱ ታሪክ መናገርን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተምሮ ነው የመጣው። የትወና ትምህርት ቤቱ ያ ነው። ሮግ ያመጣው ካሜራ ብቻ ነው።

ማስረጃ ከፈለግህ የፊልሙን መጨረሻ አካባቢ እይ። ሁለት ነጭ ልጆች፣ እህትና ወንድም፣ በረሃ ጠፍተው እሱ ውኃና ምግብ እያገኘ መርቷቸዋል። አንድ ባዶ ቤት ይደርሳሉ። እሱ ገላውን ቀለም ይቀባል፣ ላባ ያስራል፣ ለልጅቷ መጨፈር ይጀምራል። የእጮኝነት ጥያቄ ነው። እሷ አልገባትም፣ ፈርታ ከቤት አትወጣም። እሱ ግን አያቆምም። ይመሻል፣ አሁንም ይጨፍራል። ጉልበቱ እየከዳው፣ ዓይኑ ግን ከቤቱ ሳይነቀል። ከአፉ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አይወጣም። እኔ ያንን ትዕይንት ሳይ ዛሬም ሆዴ ይላወሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። በዚያ ፊልም ውስጥ እሱ በቋንቋው ይናገራል፣ ከሥር የሚነበብ ትርጉም ግን የለም። ተመልካቹ የሚሰማው እንደ ነጮቹ ልጆች ነው፣ ሳይገባው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር የማየው የትኛውን ነው?

መልስ፦ «ስቶርም ቦይ»፣ የ1976ቱን። በደቡብ አውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ የሚኖር ልጅ፣ ልጁ ያሳደገው ፔሊካን የሚባል የውኃ ወፍና ጓደኛ የሚሆነው አቦርጂን ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው ፊንገርቦን ቢል ነው፣ የተጫወተውም ጉልፒሊል። በ2019 እንደገና ሲሠራ ደግሞ የፊንገርቦን ቢልን አባት ሆኖ መጣ። ሁለቱን በተከታታይ ብታሳዪአቸው ደስ ይላል። መሐረብ አዘጋጂ።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ዱካ ተከታይ አድርገው አይደል የሚያሠሩት? ይሄ አያናድድም?

መልስ፦ ያናድዳል እንጂ። ነጮች ከጻፉት ታሪክ ዳር ቆሞ፣ መሬት አይቶ፣ «በዚህ ሄደዋል» እንዲል ነበር ለብዙ ዓመታት የሚፈለገው። የመጀመሪያውን ዋና ገጸ ባሕርይ ያገኘው በ2002 ነው፣ ከመጀመሪያ ፊልሙ 31 ዓመት በኋላ! ፊልሙ «ዘ ትራከር» ነው፣ የዳይሬክተሩ የሮልፍ ደ ሂር ሥራ። እዚያም ዱካ ተከታይ ነው፣ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ዘመኑ 1922 ነው። ሰው የሚያሳድዱ ሦስት ነጮች በፈረስ፣ እሱ በእግሩ ከፊት። አሳዳጆቹ መንገዱን የሚያውቁት በእሱ ዓይን ብቻ ነው። ታዲያ ማን ነው ማንን የሚመራው? «እሺ ጌታዬ» እያለ ፈገግ ሲል ፈገግታውን ተከታተል። በየትዕይንቱ ትርጉሙ ይለወጣል። የአውስትራሊያ ፊልም ኢንስቲትዩት የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ ያለውም በዚህ ነው።

በዚያው ዓመት «ራቢት ፕሩፍ ፌንስ» ወጣ። በ1931 መንግሥት ከእናቶቻቸው ነጥቆ የወሰዳቸው ሦስት ልጃገረዶች አምልጠው በእግራቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚያሳይ፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ነው። እንዲከታተላቸው የተላከው እሱ ነው። የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ልጆቹ ሲያመልጡት ዓይኑ ውስጥ የማየው ነገር ደስታ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ መድረክ ላይስ ሠርቷል?

መልስ፦ አዎ። በ2004 በአዴሌድ ከተማ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ብቻውን ቆሞ የራሱን ሕይወት ተረከ፣ ርዕሱም የራሱ ስም ነበር። ያዘጋጀው የታወቀው የቴአትር ዳይሬክተር ኒል አርምፊልድ ነው። በዚያው ዓመት ክሬግ ረዲ የሣለው የጉልፒሊል ምስል የአርቺባልድ ሽልማትን አሸነፈ። በአገሪቱ ትልቁ የቁም ሥዕል ሽልማት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሁሉም የሚበልጥብህ የትኛው ነው?

መልስ፦ «ቴን ካኑስ»፣ ማለትም አሥር ታንኳዎች፣ 2006። እዚህ ላይ ነው ወደ ቋንቋው የምመለሰው።

ጉልፒሊል ለደ ሂር አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አሳየው። በ1930ዎቹ ዶናልድ ቶምሰን የሚባል የሰው ልጅ ባሕል አጥኚ ያነሳው ነው፦ ረግረግ ላይ አሥር ሰዎች በየታንኳቸው ቆመዋል። «አሥር ታንኳ ያስፈልገናል» አለው። ፊልሙ ከዚያ ፎቶ ተወለደ። ሰዎቹ በታንኳ የሚወጡበት የዝይ እንቁላል ለቀማ እንደ ፎቶው በጥቁርና ነጭ ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረው የጥንቱ ዘመን ታሪክ ደግሞ በቀለም። ሰዎቹ የሚነጋገሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው፣ እኛ ከሥር እናነባለን። ታሪኩን የሚተርከው ጉልፒሊል ነው። እንደ ፈረንጅ ተረት ይጀምርና በራሱ ይስቃል፣ ቀልዴን ነው ይላል፣ ከዚያ የራሱን ሕዝብ ታሪክ በራሱ አካሄድ ይነግረናል። በ1971 ማንም ያልተረጎመለት ልጅ በ2006 ተራኪ ሆነ። ለእኔ የሕይወቱ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ልጁ ጄሚም ፊልሙ ላይ ተጫውቷል። ፊልሙ በፈረንሳይ በሚካሄደው በካን የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል።

ጥያቄ፦ እስር ቤት ገብቶ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በ2011 የትዳር አጋሩን በመደብደቡ፣ ክንዷንም በመስበሩ አንድ ዓመት ተፈረደበት። መጠጥ ሕይወቱን ይዞት ነበር። የምወደው ተዋናይ ነው ብዬ ይህን አላድበሰብስም፣ የተጎዳች ሴት አለች።

ደ ሂር እስር ቤት ሄዶ ጠየቀው፣ ሁለቱ አብረው «ቻርሊስ ካንትሪ» የተባለውን ፊልም ጻፉ። ቻርሊ በገዛ አገሩ ሕግ መላወሻ ያሳጣው ሽማግሌ ነው። ጠብመንጃውን ይወስዱበታል። ጦር ይሠራል። ፖሊስ አደገኛ መሣሪያ ነው ብሎ ጦሩንም ይወስዳል። በኋላ እስር ቤት ፀጉሩንና ጢሙን ይላጩታል፣ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል። ተዋናዩ ያንን ክፍል ከሩቅ አልፈጠረውም፣ ኖሮበታል። በ2014 በካን «አን ሰርተን ሪጋርድ» በሚባለው ዘርፍ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ተሰጠው።

ጥያቄ፦ ሀብታም ሆኖ ነው የሞተው?

መልስ፦ አይደለም።

ጥያቄ፦ የሞተ ሰው ስም አይጠራም የሚል ባሕል አላቸው ይባላል። ታዲያ እኔ ስለሱ ስጽፍ ስሙን ልጻፍ ወይስ ልተው?

መልስ፦ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። በብዙ አቦርጂኖች ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙና ምስሉ ለጊዜው አይነሳም። እሱም ሲሞት ለሦስት ቀናት ዴቪድ ዳላይትንጉ ተብሎ ነበር የተጠራው። ከዚያ ቤተሰቡ ስሙ እንዲነሳ ፈቀደ።

የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው መሬ ብሪጅ በምትባል የደቡብ ከተማ ነው፣ ለሕክምና፣ ከአገሩ በአህጉሩ ሌላ ጫፍ። እዚያ ሆኖ ስለ ሕመሙና ስለ ሞቱ ካሜራ ፊት ተቀምጦ አወራ። በ2021፣ እሱ በሕይወት እያለ፣ ዘጋቢ ፊልሙ ወጣ። ርዕሱ «ስሜ ጉልፒሊል ነው» የሚል ነው። አስከሬኑም በኋላ ወደ አርንሄም ላንድ ተመልሷል። ስለዚህ ጻፊው፣ ግን በትክክል ጻፊው፦ ጉልፒሊል።